ተነቀለ እንጂ አልሞተም

«እሱን ማይክሮዌቭ ብቻ ስጪኝ» አለ ብረት በያጁ ሻዩን እያማሰለ። «የወንድሜ ማስታወሻ ይሁነኝ።»

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። በያጁ የሟቹ የልብ ወዳጅ ነበር፤ በሦስቱም ቀን ከማንም አብልጦ አልቅሷል፣ ከማንም አብልጦም በልቷል።

የሟቹ ልጅ ብርጭቆ ሰበሰበች። አባቷ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነበር፤ እሷም አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ ሠርታለች። የማይክሮዌቩን ሆድ ዘርግፎ ትራንስፎርመሩን የብየዳ ማሽን ሊያደርገው የተነሣው በበያጁ ጉትጎታ ነው። «ሰው ምግብ ያሙቅ፣ እኛ ብረት እናሙቅ» ይባባሉ ነበር።

«ያ ማሽን በተነሣ ቁጥር ሬዲዮኔ እንደ መጥበሻ ይንጨረጨር ነበር» አሉ ጎረቤቷ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ። «ግድግዳውን እየደበደብኩ ስንቴ ረገምኩት! ይኸው ከሰኞ ወዲህ ጥርት ብሏል። ጥርት ማለቱ አስጠላኝ።»

ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ከሶኬት ነቅሎት ነበር አሉ እኮ።»

«ከነቀለው ታዲያ ምን ገደለው?»

በአባቷ ሱቅ አንድ ቃል ክልክል ነበር። ደንበኛ «ዕቃዬ ሞተ» ሲል «ተኝቷል በል» ብሎ ያርመዋል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን አይቀልድም። ካፓሲተር ማለት ቂመኛ ነው፤ የጠጣውን ኤሌክትሪክ ከተነቀለም በኋላ ይዞ ይቆያል። «የተኛን በሁለት እጅ አትንኪ፤ ግራሽ ወደ ኋላ!» ይላት ነበር። ሰኞ በያጁ ደውሎ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሥራ ቆሞብኛል» አለው። ቶሎ አለ። በሁለት እጁ ገባበት።

በያጁ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። «ልውሰደዋ? ከተነቀለ ሦስት ቀኑ፣ ሞቷል።»

«አልሞተም፣ ጋሼ።»

የሰበሰበችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አባቴን በልቷል፤ ሁለተኛ ሰው አይበላም። አሁኑኑ እዚሁ ይበታተናል።»

«የሱ ልፋት እኮ ነው!»

«ልፋቱ እኔ ነኝ። ያ ስሕተቱ ነው።»

ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። በያጁ ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። አባቷ በሠራው ባለ ረጅም እጀታ የኤሌክትሪክ ማራገፊያ ካፓሲተሩን ነካችው፤ ብልጭታም ድምፅም የለም። አላመነችውም፤ ደገመችው። ከዚያ ፒንሳውን አንሥታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ትቆርጥ ጀመር፣ ግራ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ።

በያጁ ቆሞ ሲያያት፣ የገዛ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ሄደ።