የዓባይ መኪና በር

ካድሬው ሞገስ ጋራዡ ገብቶ ከመናገሩ በፊት የመኪና ላሜራ ቀጥቃጩን ጎበዜን መታው። ጎበዜ የሽጉጡ እጀታ ግንባሩን ከፍቶት ከቀይዋ መኪና በር ጋር ተላተመ፤ በሩ የተለሰነበት የተሰነጠቀ ስቱኮ እንደ ደረቀ ጭቃ ትከሻው ላይ ረገፈ።

«የመምህርህ ሥራ ነው» አለ ሞገስ። «በገበያው መሃል፣ ሕዝብ እያየ፣ የመኪናዬ በር ቆዳው ተላጦ ወደቀ። ሽማግሌው አሾፈብኝ።»

«ጋሽ አብዱረዛቅ በሥራ አያሾፉም፣ ጓድ።»

«አሁንማ ጣቢያ ታስሮ ጥርሱም ረግፏል፤ በምን ያሾፋል?» ሞገስ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «በሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፋብሪካ እንደወጣ ካደረግኸው ሽማግሌው ቤቱ ይገባል። ካልሆነ ዛሬውኑ ነጻ እርምጃ ይወሰድበታል።»

በጭሮ እንዲህ ያለ መኪና ሌላ አልነበረም። ነጋዴው ዓባይ ድሬዳዋ ላይ ካንድ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ ባለ ሁለት ወንበር የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ዓባይ በቦኬ መንገድ መታጠፊያው ላይ ተገልብጦ ሞተ ተባለ። ሚስቱ ሣህሊቱ የተረከበችው ሣጥን በምስማር ተመትቶ ነበር፤ አይከፈትም ተባለች። መኪናዋንም ሞገስ ወሰዳት።

ጎበዜ ደሙን በክንዱ ጠርጎ ስቱኮውን መፋቅ ጀመረ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየው። የተገለበጠ መኪና ጣሪያው ይጨፈለቃል፤ የዚህችን ጣሪያ ግን መዶሻ ነክቶት አያውቅም።

ከስቱኮው ሥር ጆንያ ወጣ። ስቱኮ አወፈርክ ብለው ጎበዜን በጥፊ ያጮሉት የነበሩት ጋሽ አብዱረዛቅ፣ ጆንያ ጠቅጥቀው፣ በላዩ ስቱኮ ጣት የሚያህል ለጥፈውበታል። ጆንያውን ሲስበው የጥይት ቀዳዳዎች ታዩ። የላሜራው ከንፈር ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጥይቱ የገባው ከውጭ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ፣ ሹፌሩ ከተቀመጠበት በኩል ነው።

ያኔ ገባው። ሽማግሌው ሥራውን አላበላሹም። ኮረኮንቹ እያንቀጠቀጠ እንዲያረግፈው፣ ሕዝብም ቀዳዳዎቹን እንዲያይ አድርገው ሠሩት። ለዚህ ነበር ጥርሳቸውን ያጡት። በሩን በወጉ ቢበይደው ሽማግሌው ይተርፋሉ፤ ጥርሳቸውን የከፈሉለት ነገር ግን ለዘለዓለም ይደፈናል።

«ምን ታያለህ?» አለ ሞገስ።

«መቆረጥ ያለበትን ነው።»

የተበሳሳውን ላሜራ ቆርጦ አወጣ። አዲስ ላሜራ ለካ፣ በየደ፣ ቀጠቀጠ፣ ሞረደ። ሲጨርስ ሞገስ በጣቱ አንጓ አንኳኳው፤ ብረቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሞገስ ፈገግ ብሎ ወደ መንገዱ አፏጨ። ሁለት ጠባቂዎች አብዱረዛቅን ከላንድሮቨር አውርደው ደጃፉ ላይ ጣሏቸውና ሄዱ።

ሽማግሌው እየተንፏቀቁ መኪናዋ ዘንድ ደረሱ። ጣቶቻቸው ተሰብረው ስለማይታጠፉ በሩን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት።

«ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎን ይለቁልኛል ብዬ ነው።»

«ጥሩ ብየዳ ነው» አሉ። ጎበዜ ከዚያ የከፋ ስድብ ሰምቶ አያውቅም።

«የተቆረጠውን አምጣ» አለ ሞገስ።

ላሜራው ከቁርጥራጩ መሃል ወድቋል። ሽማግሌው ቀድመው በሆዳቸው ተኙበት።

«ተነሥ፣ አንተ አሮጌ።» ሞገስ የተሰበረ እጃቸውን በጫማው ረገጠው። ጎንበስ ብሎ አፈሙዙን ማጅራታቸው ላይ ደገነ።

የተጎደጎደ ላሜራ ከዳር ወደ መሃል ነው የሚመታው። ጎበዜ መዶሻውን አንሥቶ የሞገስን አናት መሃሉን መታ። ሽጉጡ አንድ ጊዜ ተተኩሶ ጥይቱ አፈሩን ቆፈረው። መዶሻው ወጣ፣ ወረደ። የሚሰማው ድምፅ የአጥንት መሆኑ እስኪቀር ድረስ ወረደ።

«በቃ፣ ኢልመ ኪያ» አሉ አብዱረዛቅ። «በቃ ልጄ፣ ሞቷል።»

ከላይ፣ ከጣቢያው በኩል፣ ፊሽካ ተነፋ። ጎበዜ ሽማግሌውን አንሥቶ ላሜራውን ከሸሚዛቸው ሥር ሆዳቸው ላይ በሽርጣቸው አሰረላቸው። የብረቱ ጠርዝ ቆዳቸውን ሲቆርጥ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ለሣህሊቱ ነው?»

«ለእሷ ነው። በጓሮ ወጥተው በጫት ተራ ይሂዱ፤ ሰው ይበዛል።»

«ቢወድቅብኝ በነዚህ ጣቶች አላነሣውም።»

«አይወድቅም። ደግሜ አስሬዋለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ እዚህ ላቆያቸው።»

ሽማግሌው ግንባሩን በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው፣ ግድግዳውን ተደግፈው እያነከሱ በጓሮ ወጡ። ጎበዜ ቀይዋን መኪና ገፍቶ የግቢውን መዝጊያ ደገፈባት፤ ሽጉጡን ከሞገስ መዳፍ አላቆ ከመንኮራኩሩ ኋላ ተንበረከከ። የቦት ጫማ ኮቴ ቁልቁለቱን እየሮጠ ይመጣል። ስንት ጥይት እንደቀረው አልቆጠረም። ሽማግሌው ጫት ተራ እስኪደርሱ ይበቃው እንደሆነ ብቻ አሰበ።