ለሥራ ብቻ የተገዛች ቫን

ሰፈሩ በሙሉ «መርፌ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ቅጥነቱን አይተው ይሁን ሙያውን፣ ራሱም አያውቅም። ሥራው ሶፋና ወንበር ማልበስ ነው። የተቀደደ ጨርቅ ይገፍፋል፣ የረገበ ስፕሪንግ ያጠብቃል፣ የሟሸሸ ስፖንጅ ይለውጣል፣ ባለቤቱ ሊጥለው ያሰበውን ዕቃ ሰው ፊት የሚቀርብ አድርጎ ይመልሳል። እጁ አይታማም። ጣጣው ጭንቅላቱ ነው። አንድ ነገር እዚያ ከገባ በጉጠትም አይወጣም።

ዕቃ ሊያመላልስባት የገዛት የኤሌክትሪክ ቫንም የገባችው እዚያው ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው የናፍጣ መኪና ዕድሜውን ስትበላው ኖራለች። ዛሬ ዘይት፣ ነገ ማጣሪያ፣ ከነገ ወዲያ ፍሬን፤ መካኒኩ ከገዛ ሚስቱ በላይ ያየው ነበር። አዲሷ ግን ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰክታ ታድርና ጠዋት ኮሽ ሳትል ትወጣለች። ዘይት አትጠይቅ፣ ጭስ አትተፋ። የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር መርፌ የድሮውን የነዳጅ ወጪ እያስታወሰ ብቻውን ይስቅ ነበር።

የግብሩ ነገርማ አይነሣ። የድርጅቱን ሒሳብ የምትሠራለት ሴት እንዳስረዳችው፣ ቫኗ በድርጅቱ ስም ስለተገዛች ዋጋዋ ከዓመቱ ትርፍ ላይ ይቀነሳል፤ ኤሌክትሪክ በመሆኗም ዓመታዊ ክፍያዋ ቀላል ነው። ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ግን» አለችው ሴትዮዋ፣ «መኪናዋ የድርጅቱ ናት፤ ለሥራ ነው የምትነዳት። የቤት መኪና ካደረግካት ድርጅቱ እንደሰጠህ ጥቅማጥቅም ተቆጥሮ ግብር ይመጣብሃል።»

ጉዱን ያመጣችው ይቺ «ግን» ናት። ሌላው ሰው ቢሆን ሰምቶ ራሱን ነቅንቆ ይሄድ ነበር። መርፌ ግን እንደ መሐላ ያዛት። ማታ ቫኗን ወርክሾፕ አቁሞ በእግሩ ወደ ቤት ይሄዳል። ዳቦ ቤቱ ከወርክሾፑ ጎን ሆኖ ሳለ፣ ከደንበኛ ቤት ሲመለስ ቆም ብሎ ዳቦ መግዛት አይሆንለትም፤ መጀመሪያ መኪናዋን አስገብቶ በር ይቆልፋል፣ ከዚያ በእግሩ ዞሮ ይመጣል። አንድ ቀን ሚስቱ ሁለት ፌስታል ተሸክማ ላብ በላብ ሆና መንገድ ዳር ስትሄድ አያትና እጁን አውለብልቦላት አለፈ። የዚያን ቀን ማታ የሰማው ነገር እዚህ አይጻፍም። «እሷን ነው ያገባኸው፣ እኔማ ተከራይ ነኝ» ያለችውን ብቻ ልንገራችሁ።

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንዲያውም ኮራ። ለደንበኛም፣ ለጎረቤትም፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ሕግ ሕግ ነው» እያለ ይተነትን ነበር።

ታላቅ እህቱ የመጣችው በዚህ ትዕቢቱ ወቅት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ልጅ ነበር። እህቱ ትምህርቷን ትታ ልብስ ፋብሪካ ገባች፣ አሳደገችው፣ ይህን ሙያ እንዲለምድም ደጅ ጠንታ ሶፋ ሠሪ ዘንድ ያስገባችው እሷው ናት። ሌላ የሚቀርበው ዘመድ የለውም። «እትዬ» ነው የሚላት። ለብዙ ዘመን የተከራየችበት ሕንፃ ተሸጦ ተከራዮቹ በሙሉ ውጡ ተብለው ነበር።

ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ፣ የጨርቅ ብናኙን በእጇ እየገፋች፣ «ቤት አገኘሁ እኮ» አለችው። «ጠበብ ትላለች። ግን ፀሐይ ይገባታል።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ እትዬ።»

«ቅዳሜ ነው የምወጣው። እና እንደው... ያቺን መኪናህን ይዘህ ለግማሽ ቀን ብትመጣልኝ ብዬ ነበር። ብዙም ዕቃ የለኝም፣ ታውቀው የለ።»

መርፌ መቀሱን አስቀመጠና አስረዳት። ቁጣ አልነበረበትም፣ ማመናጨቅ አልነበረበትም። በትዕግሥት፣ በጥሩ ቃል፣ ከተቀናሹ ጀምሮ እስከ ጥቅማጥቅሙ ድረስ አስረዳት። ቢያመናጭቃት በተሻለ። ሰው ከተቆጣ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ይችላል፤ አስረድቶ የሸኘ ምን ብሎ ይመለሳል?

«በእኔ የተነሣ ግብር ሊመጣብህ?» አለች ደንግጣ።

«ሕጉ ነው እንግዲህ እትዬ። ቅናሹንም ሊነጥቁኝ ይችላሉ።»

«ውይ፣ በል ተወው፣ ተወው! እኔ ምን አውቄ። እንኳን ነገርከኝ፣ ጉድ ላደርግህ ነበር እኮ።» ጉንጩን ዳበስ አድርጋው ሄደች።

ያለ መኪናም ቢሆን ቅዳሜ መጥቼ ዕቃ በማውጣት አግዝሻለሁ ብሏት ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ግን አስቸኳይ የሆቴል ወንበሮች ገቡና ቀረ። በኋላ አዲሱ ቤቷ ሲሄድ አንድ አልጋ፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛና አንድ ኩርሲ ብቻ አየ። ዕቃሽስ ሲላት «የማይገባውን ቀነስኩት» አለችው። ክፍሉ ጠባብ ነውና አመነ። ማመኑ ይመቸው ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ የምትሠራለት ሴት ፊት ተቀመጠ። ደረሰኞቹን አገላብጣ፣ የባትሪውን ዋስትና፣ የኢንሹራንሱንና የጎማውን ወጪ ጠይቃው ስታበቃ፣ «ቫኗን ለግል ጉዳይ የተጠቀምክበት ጊዜ አለ?» አለችው።

ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ደረቱን ነፋ።

«አንዲት ቀን የለም! እህቴ እንኳ ቤት ስትቀይር ዕቃ ጫንልኝ ብትለኝ አይሆንም ብያታለሁ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። «ለምን?»

«አንቺ ነሻ ለሥራ ብቻ ያልሽኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ያልኩህ የቤት መኪና አታድርጋት ነው እኮ። አንድ ቀን የእህትህን ዕቃ ብትጭን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ደንቡ ራሱ ያልፈዋል። ምነው፣ ስልክ ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

መርፌ ደረሰኞቹን ሰብስቦ ወጣ። ወደ ወርክሾፑ ሲመለስ ነገሩን በራሱ መንገድ ሊያቀለው ፈለገ። ያለፈ አልፏል፣ እትዬም አልተቀየመችም፣ ዕቃዋም ቢሆን ለክፍሉ ይበዛ ነበር አለ። ትንሽ ቀለል አለው። ብዙም ሳይቆይ ግን አንዲት የጥርስ ሐኪም ደወለችለትና ያቀለለው ሁሉ ተመልሶ ከበደ።

ሐኪሟ አዲስ ጨርቅ የሚለብስ ባለመደገፊያ ወንበር አለኝ ብላው ነበር። ቫኗን አስነሥቶ ሄደ። ወንበሩ መስኮት ሥር ቆሟል፤ ሰፊ፣ የእንጨት ክንዶቹ ከመዳፍ ብዛት የወዙ። መርፌ እንደ ልማዱ ገለበጠው። ከሥሩ ያለው ስፌት እንደ ሕፃን ጽሕፈት የተንጋደደ ነበር፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ እንዳይፈታ በፍርሃት ሁለት ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። ክው አለ። የገዛ ስፌቱ ነው። የእናቱ ወንበር ነው። ሙያውን በለመደ ሰሞን ከአሠሪው ቁራጭ ጨርቅ ለምኖ ለእህቱ አልብሶላት፣ እሷም ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራች አሳይታለች።

«ከየት አገኙት?» አላት።

«አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው። በርካሽ ነው የሰጠኝ። አንዲት ሴትዮ ቤት ስትለቅ የሚጭንላት መኪና አጥታ ከነጓዟ ሸጣለት ነው አሉ። አያሳዝንም?»

«ያሳዝናል» አለ መርፌ። ወንበሩን ቀስ ብሎ መልሶ አቆመው። «ይሸጡልኛል? የፈለጉትን ዋጋ እከፍላለሁ» አላት።

ሐኪሟ የቀለደ መስሏት ሳቀች። «ኧረ ልጄ ትገድለኛለች! ከዚህ ላይ አትነሣም እኮ።»

ወንበሩን ተሸክሞ አወጣው። ቫኗ ውስጥ አስገብቶ በገመድ አሠረው። ያኔ ለግማሽ ቀን እምቢ የተባለው ዕቃ ይኸው ተጫነ፤ በደንበኛ ትእዛዝ፣ በደረሰኝ፣ ግብር ቢሮ ቢመጣ አንዲት ቃል የማይወጣበት ንጹሕ ሥራ ሆኖ። መርፌ መሪውን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ዝናብ ጀምሮ ነበር። ወደ ወርክሾፑ አልዞረም፤ ወደ እህቱ ሰፈር ነዳ። ቤቷ ሳይደርስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አያት፤ ጥላ የላትም፣ ጋዜጣ ጭንቅላቷ ላይ ይዛለች። አጠገቧ አቁሞ በሩን ከፈተላት።

«እትዬ! ግቢ!»

ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ግራ ቀኙን ቃኘች። «ደኅና ነህ ወንድሜ? ሂድ፣ ሂድ፣ አውቶቡሱ ይመጣል አሁን።»

«ግቢ እንጂ! በስብሰሻል እኮ።»

«ኧረ አልገባም። ሰው ቢያይህስ? የሥራ መኪና ነው።»

ወርዶ ዝናቡ ውስጥ ቆመ። «እትዬ፣ ስሚኝ። ተሳስቼ ነው። ጠየቅኩ። ምንም አያመጣም። ያኔም መምጣት እችል ነበር። ዕቃሽን መጫን እችል ነበር። ሳልጠይቅ ነው ያስቀረሁብሽ።»

እንድትቆጣው ፈለገ። ብትሰድበው፣ ፊቷን ብታዞርበት፣ ይኸው ወንበሩ ብሎ የኋላውን በር ሊከፍትላትና እግሯ ላይ ሊወድቅ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ፈገግ አለች። እርጥብ እጇን አንሥታ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«ይቺንማ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «ልጅ እያለህ ሳህኑን ወዳንተ ገፋ አድርጌ ‹እኔ በልቻለሁ› እልህ አልነበር? ጦሜን ውዬ። አሁን አንተ ‹ምንም አያመጣም› ትለኛለህ። አትሸውደኝም።»

«እውነቴን ነው እትዬ! በሞተችው እናታችን!»

«በእሷ አትማል» አለች ቆጣ ብላ። «ስንት የለፋህበትን ሥራ በእኔ የተነሣ ላስነካብህ? ዓይኔ እያየ አላደርገውም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ከቫኗ ኋላ ቆመና ጥሩንባውን ነፋ። እህቱ የተከፈተውን በር በእጇ ዘጋችለት፤ ቀስ አድርጋ፣ እንዳይሰበር የተጠነቀቀች ያህል። ከዚያ ዞራ አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

መርፌ የአውቶቡሱን መስኮት በመዳፉ መታ፣ «እትዬ!» እያለ ጠራት። መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከውስጥ በእጇ ጠረገችውና አየችው። ደስ ብሏት ነበር። ወንድሟን ከጉዳት ያዳነች እህት ደስታ ነው ፊቷ ላይ ያለው። ሂድ፣ ወደ ሥራህ ሂድ እያለች በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ አውቶቡሱ ዞሮ እስኪሰወር ድረስ ምልክቱን አላቋረጠችም።