የተኛን አባት አለመቀስቀስ

«ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ ሽማግሌው ሬብ አንሼል ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እየሰማ። «በሕግ መጽሐፋችን በታልሙዱ ላይ ያለው የአስቀሎናው ሰው፣ የዕንቁው ሣጥን ቁልፍ ከአባቱ ትራስ ሥር ሆኖበት፣ ዕንቁውን የሚገዙት ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው እየጠበቁት፣ አባቱን አልቀሰቀሰም። የእኛም ፒንሐስ አልቀሰቀሰም!»

ጎረቤቶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፒንሐስ በአባቱ ሐዘን የተቀደደ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ በሐዘንተኛው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወለል ወለሉን ያያል። ምስጋናው ከስድብ በላይ አንገበገበው።

አጠገቡ የተቀመጠችው ታናሽ እህቱ ፍሩማ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ሐኪሙ ያለውን ለምን አትነግራቸውም?»

«ተይኝ ፍሩማ።»

«ጠዋት ቢደርሱላቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር ብሏል። አንተ ግን እስከ ቀትር አጠገባቸው ቁጭ ብለህ መጽሐፍህን ትገልጣለህ! አባባ እኮ ተኝተው አልነበረም፤ ራሳቸውን ስተው ነው።»

«የተኙ መስሎኝ ነዋ። ሲያንኮራፉ ይሰማኝ ነበር።»

ሟቹ አባት ሬብ ጸማሕ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእስራኤሏ ብኔ ብራቅ ከተማ ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፤ አባት ለልጅ፣ ልጅም ለአባት ያለበትን ግዴታ። ፒንሐስ ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በአንድ ሰንበት ከሰዓት፣ እናቱ ምጥ ያዛትና «ሂድ አባትህን ቀስቅስ» አለችው። ቀሰቀሳቸው። አፉን ሳይከፍት በጥፊ አጮሉት። ከዚያም ያንኑ የአስቀሎናው ሰው ታሪክ ያለበትን ገጽ ቆሞ በቃሉ እንዲወጣው አዘዙት። እናቱን ሆስፒታል ያደረሷት ጎረቤቶች ናቸው። ፍሩማ የተወለደችው ያን ቀን ነው። አባት ልጁን የማስተማር ግዴታ አለበት ይላል ሕጉ፤ ሬብ ጸማሕ በዚህ አይታሙም፣ አሳምረው አስተማሩት።

«ሰው ሁሉ አከበራቸው ይላል» አላት ፒንሐስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምን ማክበር? ጥፊ ፈርቼ ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«በዚህ ዕድሜዬ።»

ፍሩማ ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ ግን አለቀሰች።

ለቅሶ ደራሾቹ «ከጽዮን ሐዘንተኞች ጋር ያጽናናችሁ» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ለሟቹ ነፍስ ቅዱስ መጽሐፍ ሲያነቡ የቆዩት ሬብ አንሼል ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ተከፍቷል።

ፒንሐስ ከበርጩማው ተነሣ። በሕጉ ሐዘንተኛ ለማንም፣ ለታላቅ ረቢ እንኳ አይነሣም።

«ተዋቸው፣ ደክሟቸው ነው» አለች ፍሩማ።

አልሰማትም። ጆሮውን ወደ ተከፈተው አፋቸው አስጠጋ። ትከሻቸውን ይዞ ናጣቸው፤ ደግሞ ናጣቸው።

ሬብ አንሼል ብንን አሉ። «ምን ሆነሃል አንተ! የተኛ ሽማግሌ ይቀሰቀሳል? አባትህ ይህንን ነው ያስተማሩህ?»

«ይቆጡኝ» አለ ፒንሐስ። «ግድ የለም፣ ይቆጡኝ።»

ትከሻቸውን ግን አልለቀቀም።