አስራ ሁለተኛው ውጤት

የብሪን ወንድም ዌይድ ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈ። ስልኩን ዘግቷል። ድሮ በበረዶ ላይ የሚነዱ ሞተሮችን የሚጠግኑ ሰዎች በሚወያዩበት የኢንተርኔት ፎረም ላይ ስሙን እየቀያየረ ይጽፍ ነበር፤ ምክሩን ግን ሁሌም «ብሎኑን አጥብቅና ሂድ ተኛ» ብሎ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ብሪን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቤተ መጻሕፍት ትገባና በኮምፒውተር ፎረሙ ላይ ያቺን ሐረግ በትምህርተ ጥቅስ ከታ ትፈልጋለች። ሁሌ አስራ አንድ ውጤት፣ ሁሉም አሮጌ።

ማክሰኞ ዕለት አስራ ሁለት ሆነ።

«ጆዲ! ጽፏል!» ብላ ጓደኛዋን በክርኗ ደቃቻት።

«ጎኔን ሰበርሽው እኮ፣ አንቺ እብድ! ክፈቺዋ!»

ከፈተችው። «‹ብሎኑን አጥብቅና ሂድ ተኛ› የሚል ሰው ያየ አለ? ወንድሜ ነው» ይላል። እሑድ ራሷ የጻፈችው ነው። የአዲስ አባል ጽሑፍ ሳይፈቀድ ስለማይወጣ ዛሬ ገና መታየቱ ነው።

ብሪን «አጥፋ» የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ተዪው እንጂ፣ አይቶት ቢመልስልሽስ?» አለች ጆዲ።

«የቤታችን ስልክ እኮ አልተቀየረም። ማውራት ቢፈልግ ይደውል ነበር። በዚች ሐረግ እንደምፈልገው ካወቀ ደግሞ እሷንም መጻፍ ይተዋል።»

አጠፋችውና እንደገና ፈለገች። አስራ አንድ።