በታችኞቹ ሰንደቅ ፊት

የዚያን ዕለት ጧት ባሌ ኤቦ እንደ ወትሮው ቀድሞኝ ተነሣ። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። እኔ ከትናንት የተረፈውን ኬንኬ፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ አሙቄ ከተጠበሰ ዓሣና ከበርበሬ ጋር አቀረብኩ። እየበላ የተማሪዎቹን ወረቀት አረመ፤ አንዱ ላይ ዘይት ጠብ አለበትና ተቆጣ። ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ከበሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ "ኮርኮር፣ ዣንጥላ ልያዝ?" አለኝ። ሰማዩን አየሁና "ተወው" አልኩት።

ከዚያ እኔ ወደ ዓሣ ገበያ ወረድኩ። በከተማችን በራሪ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ የሚነበበው እዚያ ነው። የምታነበው ማሜ ኤኩዋ ነበረች፤ የዓሣ ነጋዴዎቹ አለቃና የባሌ አክስት። "ጎረቤታችሁ" በሚል ስም የሚጽፈው ኤቦ መሆኑን ከእሷ፣ ከእኔና ከአታሚው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የፖሊሱ ኢንስፔክተር ግን ጸሐፊውን ማፈላለግ ከጀመረ ቆይቷል።

የዚህ ጊዜው ጽሑፍ በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ለሰኞ ስለተጠራው አድማ ነበር። ባሕራችን ዳር ዳሩን ጥልቀት ስለሌለው መርከቦች ርቀው ይቆማሉ። የካካዎውን ጆንያ በጀልባ የሚያደርሱላቸው የታችኛው ሠፈር ቀዛፊዎች ናቸው። እነሱ ከቀዘፉ አድማ የለም።

"ካካዎው የእኛ ነው" እያለች ታነባለች ማሜ ኤኩዋ፤ "ጀልባው የእኛ፣ የሚቀዝፈው ክንድ የእኛ። የእነሱ መርከቡ ብቻ ነው። በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። እንግዳ ደግሞ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

"እስካሁን አልመሸም እንዴ?" አለች አንዷ ከኋላ።

"ባሌም እንግዳ ነው በሉኛ! ሲመሽ ብቻ ነው የሚመጣው" አለች ሌላዋ።

ገበያው በሳቅ ተናወጠ። ቀዛፊዎቹም መረባቸውን ትተው ቀረብ ብለው ነበር። ባለፈው ሳምንት "ይህ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ ነው" ይሉ የነበሩ ሰዎች በመስማማት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

ማሜ ኤኩዋ ገጹን ገለበጠች። "ይህ መንግሥት ሌላው በጣለው መረብ ገብቶ የሚበላ ሻርክ..."

ድምጿ ተቋረጠ። ሳቁም አብሮ ቆመ።

ከተማችን ከአባት በሚወረሱ ሁለት የሠፈር ጓዶች የተከፈለች ናት፤ ሻርክ የታችኛው ሠፈር ጓድ ምልክት ነው። ሰንደቃቸው ላይ ተሰፍቷል፤ ሙታናቸውን የሚሸኙት በእሱ ነው። ኤቦ ደግሞ በአባቱ የላይኛው ሠፈር ጓድ ልጅ ነው። በሁለቱ መካከል በሰንደቅ ሰበብ ደም ፈሶ ያውቃል። ባሌ ያደገው በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ለእሱ ሻርክ ዓሣ ብቻ ነበር።

የታችኞቹ አለቃ፣ በማዕረጉ ሱፒ የሚሉት ኩዋሜና፣ ሰዎቹን ገፋ አድርጎ ወደ ፊት መጣ።

"ሌባ ያለው እኛን ነው?"

"ስለ እንግሊዝ ነው የጻፈው፣ ሱፒ" አለች ማሜ ኤኩዋ።

"እንግሊዝን ለመስደብ አባቴን ከመቃብር ማውጣት ነበረበት? ጅብ ማለት አይችልም ነበር?"

"ጅብ ቢል ኖሮ ሚስቴ ስምህ ተጻፈ ትለኝ ነበር" አለ አንድ ቀዛፊ።

ሱፒ አልሳቀም። "የሰደበን ሰው ነገ በግና መጠጥ ይዞ በሰንደቃችን ፊት ይቁም። አማላጅ አንቀበልም። ራሱ ካልመጣ ሰኞ እንቀዝፋለን።"

በሰንደቅ ፊት የሚቆም ሰው ስሙንና የአባቱን ስም ይናገራል። ከዚያ ደም በኋላ ደግሞ መንግሥት ሰንደቅ ያለ ፖሊስ እንዳይወጣ ከልክሏል። ኢንስፔክተሩ እዚያ ይቆማል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ ማሜ ኤኩዋ መቀመጥ አቃታት።

"ልጄ፣ ዛሬውኑ ውጣ። ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ይደብቅሃል።"

"ባለቤት ነን ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማሜ። እንዴት ነው ከቤቴ የምሸሸው?"

"አፍህስ ጥሩ ነበር። እስር ቤት ግን አፍ አይፈራም።"

"ይቅርታውን ጻፈው" አልኩት እኔ።

"በወረቀት ሰድቤ በወረቀት ልታረቅ? እነሱ እንዲህ ያለ ዕርቅ አያውቁም፣ ኮርኮር።" ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ወደ ሰንደቁ ሂድ ትያለሽ ወይስ ቅር?"

በግ ልገዛ ወጣሁ።

በማግስቱ ሰንደቁ ወጣ። ኢንስፔክተሩ ከፖሊሶቹና ከአስተርጓሚው ጋር ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ኤቦ ጫማውን አወለቀ፤ የለበሰውን ጨርቅ ከትከሻው አወረደ።

"ማን ነህ?" አለው ሱፒ።

"ኤቦ እባላለሁ። የኤሱማን ልጅ ነኝ፤ ከላይኞቹ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ።

"ምን አደረግህ?"

ኤቦ ወደ ፖሊሶቹ አላየም። እኔ ግን የአስተርጓሚውን ከንፈር እያየሁ ነበር።

"'ጎረቤታችሁ' እያልኩ የምጽፈው እኔ ነኝ። አባቶቻችሁን የነካሁት ባለማወቅ ነው፤ ይቅር በሉኝ። ስለ እንግሊዝ የጻፍኩትን ግን አላነሣም።"

አስተርጓሚው ወደ ኢንስፔክተሩ ጆሮ ጎንበስ አለ። ሱፒም አየው። ጠርሙሱን ተቀብሎ ለሙታኑ መሬት ላይ አፈሰሰ፤ አይቸኩልም ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ እነዚያን አላየሃቸውም?" አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አይቻቸዋለሁ።"

"እያየህ ነው የመጣኸው?"

"አዎ።"

ሱፒ ወደ ቀዛፊዎቹ ዞረ። "ሰማችሁ? ሰኞ ጀልባ የሚነካ ሰው የእኛ አይደለም!"

ከላይኛው ሠፈር የመጡትም አብረው ጮኹ። ኢንስፔክተሩ ሕዝቡን ፈርቶ ይሁን አክብሮ አላውቅም፣ በጉ እስኪታረድ ጠበቀ። ከዚያ ኤቦን ወሰዱት። ጫማውን እንዲያጠልቅ ጊዜ ስላልሰጡት እኔ ይዤው ተመለስኩ።

ሰኞ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተደፍተው ዋሉ። መርከቡ እስከ ቀትር ሲጮህ ቆይቶ ባዶውን ሄደ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ስለ አድማ ሲነሣ ሰዎች የኤቦን ጽሑፍ በቃላቸው ይሉት ነበር፤ ሻርክ የሚለውን ትተው።

ኤቦ የዝናቡን ወራት ሳይጨርስ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የእስር ቤቱ ሐኪም የሳንባ በሽታ ነው አለ። ነፃነት ከዓመታት በኋላ መጣ፤ የሁለቱም ሠፈር ሰንደቆች ያለ ፖሊስ አብረው ሲወጡ ከማሜ ኤኩዋ ጎን ቆሜ አየሁ።

አሁን ቤቴ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጽፎ "እስቲ ስሚኝ" የሚለኝ ሰው የለም።