ከሁሩታ ያለፈው ኪሎ ሜትር

ፈይሩዛ በመጠርጠር የታወቀች ሴት ናት። አሰላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ፣ የተሰጣትን ብር ወደ ብርሃን አንስታ ሳታገላብጥ ኪሷ አትከትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች ዘወትር፤ ተረቱን ራሷ የፈጠረችው ነው የሚመስለው። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት የባሏን ወንድም ከዲሮን አምና፣ ሚኒባስ አስረክባ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብላ ቆጣሪውን ሳታይ የከረመችው። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው!

ሚኒባሷን የተዋዋላት ባሏ ቱሳ ነበር። መኪና በኪራይ ግዢ ከሚሰጥ ድርጅት ቅድሚያ ክፍያውን ከፍሎ፣ ቀሪውን በየወሩ ሊከፍል ፈርሞ፣ ከዲሮን ዋስ አድርጎ። መኪናዋን ግን ሳይረከብ ታመመና አዳማ ሲታከም ሞተ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ፈይሩዛ ማውራት አትወድም። ሾፌሩ ሁሉ «ሬሳ አልጭንም» ሲላት፣ እጭናለሁ ያለውም የማይቀመስ ዋጋ ሲጠራባት፣ ከነአስከሬኑ የሆስፒታሉ በር ላይ እስኪመሽ ተቀምጣለች። የለቅሶውን ሰሞንማ ጨርሶ አታስታውሰውም። ማን እንዳጎረሳት፣ እሷስ ምን እንደተናገረች፣ ሁሉም ጭጋግ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ከዲሮ ተረክቦ ይሠራባት ጀመር።

ዘንድሮ የሱቋ ባለቤት ደመቀ መጣና «ሱቁን ልሸጠው ነው። ከሌላ ሰው በፊት ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ» አላት። ልጆቿን ያሳደገችበት ሱቅ ነው። ሲያድር መላው መጣላት፦ ሚኒባሷን መልሳ፣ ውሉን አቋርጣ፣ ቱሳ የከፈለውን ቅድሚያ ተቀብላ ሱቁን መግዛት።

ሚኒባሷን ድርጅቱ ግቢ አስወስዳ ስታሳይ፣ ሠራተኛው በእውቀቱ ቆጣሪውን አየና አፏጨ።

«ወይዘሮ ፈይሩዛ፣ የዚች መኪና መስመር አሰላ ሁሩታ አልነበረም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ በሁሩታ በኩል ኬንያ ደርሳ ነው የምትመለሰው?» ሳቁን ዋጥ አድርጎ ውሉን አስረዳት። ከተፈቀደው በላይ የተነዳ ኪሎ ሜትር ይከፈልበታል። እስከ ውሉ ማብቂያ ብትቆይ ኖሮ ቀስ በቀስ ይካካስ ነበር። ዛሬ ካቋረጠች ግን በአንድ ጊዜ ከቅድሚያው ይቀነሳል። «የሚተርፍዎት ለሱቅ የሚሆን አይመስለኝም» አላት። «ደግሞ የኋላ ወንበሮቹን ብሎን ይዩት፤ ከመፈታት ብዛት ጥርሱ አልቋል። ምን ሲጭኑበት ነበር?»

ፈይሩዛ ክው አለች።

በእውቀቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለ እርስዎ ዕውቅና የተነዳ ከሆነ መፍትሔ አለው። እንደዚያ ብለው ይፈርማሉ፤ ዕዳው ወደ ዋሱ ይዞራል።»

ዋሱ ከዲሮ ነው። ከአባቱ ከወረሳት ቤት በቀር ምንም የለውም። «ነገ መጥቼ እፈርማለሁ፤ እሱንም አስጠራልኝ» አለችና ወጣች።

መንገድ ላይ ያልታያት ነገር የለም። አንዳንድ ጠዋት ሚኒባሷ ጎማዋ የቆላ አቧራ ለብሶ ትታይ ነበር። ውስጧ ሲገባ አፍንጫ የሚይዝ ጣፋጭ ሽታ፣ የሴት ሽቶ ይሁን ምን ያልታወቀ። ከዲሮ ስልኩ ሲጮህ ውጭ ወጥቶ የሚያንሾካሹከውስ? ሁሉንም አይታ እንዳላየች ማለፏ አንገበገባት። ይባስ ብሎ የሱቅ ጎረቤቷ ፋናዬ ነገሩን ስትሰማ «እኔማ ቤት እንዳላፈርስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ከሁሩታ ወዲያ አርቦዬ ከተማ፣ እህቴ ጋ ሄጄ ሚኒባስሽን አይቻታለሁ። አንዲት ሴት እጁን ይዛ ትስመው ነበር» አለቻት።

ከዲሮን መኪናዋን ሲያጥብ አገኘችው።

«ከሁሩታ ወዲያ ምን አለህ አንተ?»

ከዲሮ ጨርቁን ጨመቀና ቀና አለ። «እትዬ፣ አንቺ ይህን ትጠይቂኛለሽ?»

«ማን ይጠይቅህ ታዲያ፣ ትራፊክ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ቁርአን ይዘህ አልሄድኩም በል!»

«ሄጃለሁ፤ አልሄድኩም ብዬ አልምልም። ለምን እንደሄድኩ ደግሞ እኔ ላንቺ ብነግርሽ ነውር ነው» አለና ፊቱን ወደ ጎማው መለሰ።

ነውር ነው! እሷ ጡቷን ልታጠባው ምንም ያልቀራት፣ ከልጆቿ ጋር ያሳደገችው ልጅ! ፈይሩዛ ደሟ ፈላ። ሁለተኛ ቤት አለው ማለት ነው፤ የቱሳ ነዳጅ የምትጠጣ ሚስት። ነጋም አልነጋ ብላ በሌላ ሰው ሚኒባስ አርቦዬ ወረደች። መንገዱን በሙሉ ለዚያች ሴት የምትላትን ስትደረድር ነው የደረሰችው።

መናኸሪያው ላይ የከዲሮን ስም ስትጠራ አንዱ ሰውዬ «እማማ አስያ ቤት ነዋ፣ ከመስጊዱ ጀርባ። በመጣ ቁጥር ሳያያቸው አይሄድም» ብሎ ጠቆማት። አላልኩም? አለች በልቧ።

በሩን የከፈቱላት ግን ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ናቸው።

«ከዲሮ እዚህ ቤት ምን አለው?» ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም።

«የሚኒባሱ ከዲሮ? ምነው፣ ምን አገኘው?» አሮጊቷ ደነገጡ።

«ደህና ነው። ልጅዎን አግብቷል ወይ ነው የምለው።»

«ልጄንማ ያመጣልኝ እሱ ነው። ለሊሴዬን። በወሊድ ነው አሰላ ሆስፒታል የሞተችው። አጥበው፣ ካፉር ቀብተው፣ ከፍነው ሰጡን፤ ግን በምን እናምጣት? ሾፌሩ ሁሉ ሲሸሽ እሱ መጣ። ወንበሩን ፈትቶ፣ የራሱን ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን አስተኝቶ አመጣልኝ። ቀብሯ ሳይመሽ ደረሰ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ያ ጣፋጭ ሽታ ካፉር ነበር። ሬሳ የሚቀባው ሽቶ። ፈይሩዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ስንት አስከፈለዎት?» ከአፏ አመለጣት፤ አመል መቼ ይለቃል።

«ወይ ልጄ! እጁን ስሜ ባለቅስ ጊዜ፣ እኔን አያመስግኑኝ፣ የመኪናዋን ባለቤት ያመስግኑ አለኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በለቅሶው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ የቱሳ መኪና ስትመጣ ሬሳ ይዞ በር ላይ የተቀመጠ ሰው አታልፍም፣ ዋጋም አትጠራበትም ብላ ለአላህ ቃል ገባች አለ። እኔ ብቻ መሰልኩሽ? እዚህም አቦምሳም ስንቱን ሬሳ በየአገሩ አድርሳለች መሰለሽ። ስሟን አልረሳውም፤ ፈይሩዛ ነው። በየሶላቴ ዱዓ አደርግላታለሁ። አሰላ ነሽ መሰል፣ ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አለች ፈይሩዛ።

ስትመለስ መኪናው ውስጥ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። ጭጋጉ ገለጥ አለላት። የሽማግሌዎቹ ጥምጣም ታያት፣ ከዲሮ አጠገቧ ተንበርክኮ ውኃ ሲያጠጣት፣ የራሷም ድምፅ፣ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ የሚመስል። ብላለች። እውነት ነው፣ ብላለች! እነ ከዲሮ ባደጉበት ቤት ደግሞ ለአላህ ብሎ ለሰጠ ሰው ይህን ያህል ሰጥተሃል ብሎ መቁጠር ነውር ነው፤ ምንዳውን ያበላሽበታል ይላሉ። ታስታውሳለች ብሎ ነው ዝም ያለው። እሷ «ቁርአን ይዘህ ማል» ስትለው ምን ብሎ አስቦ ይሆን? ቃሏን የካደች ነው የመሰለችው። ኀፍረቱ ከሱቁ ጭንቀት በለጠባት።

ድርጅቱ ቢሮ ስትደርስ ከዲሮ ተጠርቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላያትም። የሚኒባሷ ቁልፍ በእውቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አላት በእውቀቱ። «ያለ እኔ ዕውቅና የተነዳ ነው ይላል።»

«ይሰረዝ።»

«ምኑ?»

«ያለ እኔ ዕውቅና የሚለው። እኔ ነኝ ያስነዳሁት። ያለ ቃሌ የሄደ አንድ ኪሎ ሜትር የለም።»

በእውቀቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ፈይሩዛ፣ ሱቁ እኮ ይቀርብዎታል።»

«ደመቀ ይሽጠው» አለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሱቋን ትወዳታለች። «እኔ መንገድ ዳር አነጥፌም እሸጣለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ከዲሮ ያን ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይቅር በለኝ» ልትለው አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ። አየት አደረገና ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«አንሳው» አለችው።

«ይቅር፣ እትዬ።»

«አንሳው አልኩህ!»

ውጭ አልወጣም፤ እዚያው ፊቷ አነጋገረ። «ወደ አቦምሳ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «አባታቸው ሞተውባቸዋል። ልጆቹ እዚህ አሰላ ሆስፒታሉ በር ላይ ናቸው።»

በእውቀቱ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። «ርክክቡ እኮ ዛሬ ነው። ከዚህ በኋላ የሚነዳው...»

«ይቆጠራል፤ አውቃለሁ። ቁጠሩት። ነገ እናስረክባለን።» ቁልፉን ቀድማው አነሳችና ከዲሮ መዳፍ ውስጥ አኖረችው። «ወንበሩን ስትፈታ ማን ያግዝሃል?»

«ማንም። ብቻዬን ነው የምፈታው።»

ፈይሩዛ ሻሿን ወገቧ ላይ አሰረች።

«በል ተነሳ» አለችው። «መፍቻው የት ነው?»