የዲኗ ባል

አንዋርና ሚስቱ ዘሊካ ከሚሴ ከተማ ዳር ባለው የግብርና ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ እሱ ስለ አፈር፣ እሷ ስለ እንስሳት ጤና። የኮሌጁን ዲን ለመምረጥ የውድድር ማስታወቂያ ሲወጣ ሁለቱም ተመዘገቡ። ቤታቸው ባለችው አንዲት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እንደ ፈተና ተማሪ ወረቀታቸውን በክንዳቸው እየከለሉና እየተሳሳቁ ዕቅዳቸውን ጻፉ። ውጤቱ ሲነገር ዘሊካ አንደኛ፣ አንዋር ሦስተኛ ሆኑ።

እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ሳይከፋው አልቀረም። ዘሊካ ሂጃቧን አስተካክላ ወደ መድረኩ ስትወጣ ግን፣ የኮሌጁ ሴቶች ከጽዳት ሠራተኛ እስከ መምህር እልልታውን ሲያቀልጡት፣ ራሱን ቆሞ ሲያጨበጭብ አገኘው።

«አልሐምዱሊላህ! ሥልጣኑ ከቤቴ አልወጣም!» አለ ጮክ ብሎ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከተማው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቀው አልሆነም። መስጊድ ደጃፍ ጫማውን ሲያጠልቅ እንኳ፣ «አብሽር፣ የሷም ያንተው ነው» እያለ፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው የሚያጽናናው አይጠፋም ነበር።

በአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ሰሞን አጎቱ ሙሀመድአሚን ከጨፋ ሮቢት መጡ። ባጃጅ ውስጥ ከጎናቸው አንድ የሰባ ሙክት ተቀምጧል።

«አካም ጅርታ፣ አንዋር!» አሉና ሳይወርዱ ጉዳያቸውን ጀመሩ። «የኔ አብደላ ለኮሌጁ ነጥብ ጎደለው። ጥቂት ናት የጎደለችው። ዲኗ እቤትህ ናት። ማታ ጠጋ በልና አንድ ቃል ጣል አድርግላት።»

«አጎቴ፣ ማታ እቤት የምትመጣው ዘሊካ ናት። ዲኗ ቢሮ ነው የምትቀረው።»

«ባሏ አይደለህም?»

«ባሏማ ነኝ! ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩትን የሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ያሸከመችኝም እሷው ናት። ይምጡ፣ ራስዎ ይንገሯት።»

የኮሌጁ በር ላይ ጥበቃው ሙክቱን አየና «ለሕክምና ከሆነ በጓሮ በር ነው» አላቸው። «ምንም አልታመመም!» ብለው ተቆጡና እዚያው አጥር ሥር አሰሩት።

ቢሮ ሲገቡ ዘሊካ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን ሰፊውን ጠረጴዛ ሲያዩ ተደናገጡ።

«አይነሡ፣ አይነሡ… አንቱ» አሉ።

«ኧረ አጎቴ! ዘሊካ እኮ ነኝ፤ አንቺ ይበሉኝ» አለች እየሳቀች።

የአብደላን ነገር ሳታቋርጣቸው እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያም ነጥቡ እንደማያስገባው፣ ለሱ በሩን ብትከፍት ነጥብ የጎደላቸውን የሌሎችን ልጆች በምን አፏ እንደምትመልስ በቀስታ አስረዳቻቸው። ሙያ ማሠልጠኛ ግን ገና እየመዘገበ ነው፤ እዚያ ቢገባ ልጁ እጁን ይፈታል። አጎትዬው ፊታቸው ጠቆረ።

«እህቱ ሁዳስ? አብረው አይደል እንዴ የተፈተኑት?» ብላ ጠየቀች።

«ሁዳማ… አልፋለች።»

«ታዲያ ለምን አልተመዘገበችም?»

«እናቷን ታግዝ ብዬ ነው። ላሞቹንም የምታውቃቸው እሷ ናት።»

አንዋር ጥግ ተቀምጦ የሚስቱን ፊት አየ። አልተቆጣችም። ወንበሯን ትታ መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ አምና ላምዎ ምጥ ጠንቶባት ማን ነበር ያዋለዳት?»

«አንቺ ነሻ!» አሉ፣ አንቱታውን ረስተው።

«ያን ቀን እጄን ይዘው ምን ነበር ያሉት? ‹ምነው አላህ እንዲህ ያለች ልጅ በሰጠኝ!› አላሉም? ሰጥቶዎታል እኮ።»

ሙሀመድአሚን አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዋር ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ፤ እየሳቁ ኖሯል። «ወላሂ፣ አሰርሽኝ! በገዛ አፌ!» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ሁዳ! ልብስሽን አሰናጂ። ነገ ኮሌጅ ትገቢያለሽ።» ከዚያኛው ጫፍ አንድ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ የእናቷ እልልታ ቢሮውን ሞላው፤ ጸሐፊዋ ምን መጣ ብላ በሩን ከፈተች።

ሁዳ በማግሥቱ ተመዘገበች። ሙክቱን ዘሊካ አልቀበልም ስላለች ወደመጣበት ተመለሰ፤ እዚያው ጨፋ ሮቢት ታረደና ጎረቤቱ ሁሉ ለዱዓ ተጠራ። አንዋርና ዘሊካም ተጋበዙ። ዘሊካ ግቢ እንደገባች ሴቶቹ ከበቧትና ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት።

ሙሚና የምትባል ጎረቤት ሦስት ሴት ልጆቿን አሰልፋ አመጣች። «ይቺ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ያስቸግራታል። ምን ይሻላታል?» ሌላዋ ስለ ኮሌጁ መኝታ ቤት ደኅንነት፣ ሌላዋ ስለ ውኃው ጠየቀች። አንዲት ባልቴት ደግሞ በኦሮምኛ እየመረቁ ራሷን ዳሰሷት። ዘሊካ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ለእያንዳንዷ መለሰች።

አንዋር ማንቆርቆሪያ ይዞ እንግዶቹን እጅ እያስታጠበ ዞረ። የዐሱር አዛን እስኪሰማ ድረስ ሴቶቹ አልለቀቋትም፤ እሱም እንሂድ አላላት። ከሸለቆው በኩል ነፋስ መጣ፤ ማሽላው ተንሿሿ። ከሴቶቹ መካከል የሚስቱ ሳቅ ከፍ ብሎ ተሰማ፤ ምን እንደሆነ ባያውቅም እሱም አብሯት ሳቀ።